ቤት የማይመታ ግጥም

ግጥም ቤት ካልመታ ግጥም አይደለም ብዬ የማምን ሴት ነበርኩ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። እኛ አገር በሠርግም በለቅሶም ግጥም የምትደረድር ሴት የስንኟ መጨረሻ ካልገጠመላት ሙሽራውም ይቀየማታል፣ ሟቹም ያዝንባታል። ስለዚህ ልጄ ኤልሳቤት ከዩኒቨርሲቲ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ መጥታ «ማሚ፣ ግጥም ላንብብልሽ» ስትለኝ፣ ገጹን አየሁና ሳቄ መጣ። ገጹ ባዶ ነው። መሃሉ ላይ አራት አጫጭር መስመሮች ከመንጋ እንደጠፉ በጎች ቆመዋል።

«ሰውየው ቀለም አልቆበት ነው?» አልኳት።

«ሴት ናት ማሚ። የደርባን ልጅ ናት።»

«ታዲያ ለሴትየዋ ቀለም የሚገዛላት ጠፋ?»

ኤልሳቤት እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አማርኛዋን የለቀመችው ከእኔና ከቤተ ክርስቲያን ነው። ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ቃል ከቃል ሲጋባ የሚወልደውን ግን አታውቅም። አንድ ጊዜ የእናቴ ሙት ዓመት ደርሶ «ሆዴ ባባ» ብላት፣ ሮጣ ሄዳ የሆድ ኪኒን ገዝታልኝ መጣች። ዋጥኩት። ምን ላድርግ? ከፍቅር የመጣ ኪኒን ነው።

እኔ ዱርንፎንቴን ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ የስፌት መኪናዬና የጨርቅ ጥቅሎቼ ከገቡባት በኋላ ለሰው የሚተርፍ ቦታ ጥቂት ነው። ልጄ ከትምህርት ስትመለስ ጥቅሎቹ ላይ ትቀመጥና ታነብልኛለች፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ። የእኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው። ስለ ሜትርና ስለ ዋጋ ይከራከራል እንጂ ስለ ልብ አያወራም።

«መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ስለ ላቭ፣ ስለ ትራውማ፣ ስለ ሂሊንግ።»

«በሰው ቋንቋ?»

«ስለ ፍቅር፣ ስለ ቁስል፣ ስለ መዳን።»

«ከምንድን ነው የምትድነው?»

ልጄ ገጹን ገለጠችና አነበበች፦

የሰበረውን በር
ሰኞ አስጠገነው።
እኔ ከበሩ አጠገብ
ቆሜ ነበር።

እግሬ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ተነሳ። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ቤት አይመታም፣ ዜማ የለውም፣ ግን ያን በር አውቀዋለሁ።

ሶዌቶ ውስጥ እኔና ባሌ ደምሰው ስፓዛ ነበረን፤ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ኤርታይም የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ ናት። ሽያጩ በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። ደንበኛው እጁን ያሾልካል፣ ዕቃውን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ከፍርግርጉ በስተጀርባ የሚሆነውን ማንም አያይም። ደምሰው ለደንበኛ ማር ነው። «ሳውቦና ጎጎ!» እያለ በዙሉኛ ሰላምታ የሰፈሩን አሮጊቶች ሲያስቅ ይውልና፣ ሱቁ ሲዘጋ እጁ እኔ ላይ ያርፋል። አንዴ የተሸሸግሁበትን የዕቃ ቤት በር ሰበረው። ሰኞ አናጢ ጠርቶ አስጠገነው፤ አናጢውንም ሻይ ጋበዘው። ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ።

ፊቴ አብጦ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «ከመሰላል ወድቄ ነው» እል ነበር። ሴቶቹም «አይ መሰላል! ተጠንቀቂ እንጂ!» ይሉኛል። ሽማግሌም መጥቶ ነበር። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ፀጋዬ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ጎጃም ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። «በባልና ሚስት መካከል አለመግባባት ያለ ነው፤ ቻይው ልጄ» አሉኝ። አለመግባባት! እኔና ደምሰውማ በደንብ ነበር የምንግባባው። እሱ እጁን ሲያነሳ እኔ ፊቴን እሸፍናለሁ። «መታሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሰው «ያፋታት ምላሷ ነው» አለ። ደምሰው ከአዲስ አበባ ሌላ ሚስት አስመጣ፤ በሐበሻ ማኅበሩም ስብሰባ ፊት ወንበር ላይ መቀመጡን ቀጠለ።

ከዚያች የበር ግጥም በኋላ ንባቡን የምጠይቀው እኔ ሆንኩ። እሁድ ከሰዓት ጎረቤቴ ሙርሺዳም መምጣት ጀመረች። ሙርሺዳ ወሎዬ ናት፤ ከሱቄ አጠገብ አልጋ ልብስ ትሸጣለች፤ ሳቋ እስከ መንገድ ይሰማል። አንድ እሁድ ኤልሳቤት የሚስቱን ፀጉር ቀስ ብሎ ስለሚያበጥር ባል የተጻፈ ግጥም አነበበችልን።

«ይሄ ሰው ወንድም የለውም?» አለች ሙርሺዳ።

ሳቅን። ወዲያው ደግሞ እሷው ራሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔ እንጃ የሺ» አለችኝ፣ «ቤት የሚመታውን ስሰማ አጨበጭባለሁ፤ ይሄንን ስሰማ ግን እተነፍሳለሁ።»

እውነቷን ነበር። እኔም መተንፈስ ጀመርኩ። መተንፈስ ብቻም አይደለም፣ መግጠም ጀመርኩ። አንዱ መስመር መጋረጃ እየሰፋሁ ድንገት መጣብኝና እንዳይጠፋኝ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ገበር ጨርቅ ላይ ጻፍኩት። ኤልሳቤት አይታ ጮኸች። «ማሚ፣ ፖኤት ሆነሻል!» «ፖኤቷን ተዪያትና ጨርቁን እንዳትረግጪው» አልኳት። ደስ ብሎኝ ግን ቀኑን ሙሉ ሳዜም ዋልኩ።

ነሐሴ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት መጋረጃ ልታሰፋ መጣች። የዚህ አገር ብርድ አልፏል፤ እሷ ግን እጅጌዋ እስከ ጣቷ ይደርሳል።

«ወፍራም ያድርጉልኝ እትዬ። ከውጭ የማያሳይ።»

«ይኼ አያሳይም» ብዬ ጥቁር ሰማያዊውን ዘረጋሁላት።

ጨርቁን ስትዳብስ ቆየች። «ድምፅስ ያስወጣል?» አለችኝ።

እጄ ጨርቁ ላይ ቀረ። «ድምፅ የሚያስቀር መጋረጃ እስካሁን አልተሠራም እህቴ» አልኳት። «ስምሽን ማን ልበል? ሲያልቅ የት ላድርስልሽ?»

«ፀገነት። ሶዌቶ፣ ደምሰው ሱቅ ቢሉ ያሳዩዎታል።»

ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ለእሷ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። መስኮቷ ምን ያህል እንደሆነ ልትነግረኝ ስትጀምር ለደንቡ ያህል ጻፍኩ እንጂ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያን መስኮት እኔም ስጋርደው ኖሬያለሁ። ከወጣች በኋላ ወደ ሙርሺዳ ሱቅ ገባሁ።

«እናገራለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«መሰላሉን።»

ማኅበራችን እንቁጣጣሽን የሚያከብረው ጀርሚስተን ባለ አንድ አዳራሽ ነው። በዕለቱ ግጥም ይነበባል፤ ግጥሙን አስቀድመው አይተው የሚያሳልፉት ጋሽ ፀጋዬ ናቸው። ኤልሳቤት ከገበሩ ላይ በወረቀት ገልብጣ ወሰደችላቸው። ግጥሙ ስለ አንድ ፍርግርግና ከኋላው ስላለች ሴት ነው እንጂ ማንንም በስም አይጠራም ነበር። ቢሆንም እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ ስፈራ ዋልኩ። ደምሰው ፊት ለፊት ቆሜ፣ በገዛ አንደበቴ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ መናገር እችላለሁ? ጭንቀቴ ሁሉ ይኸው ነበር።

ልጄ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«ማሚ፣ ጋሽ ፀጋዬ እኮ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገር ያውቃሉ።»

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«አሁን ሰላም እንደሆንን ነዋ! ግጥሙን አንብበው ‹ጥሩ ነው፣ ግን ቤት አይመታም› አሉኝ።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። «አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«‹አዎ ጋሼ፣ አሁን አይመታም። ሶዌቶ እያለን ነበር የሚመታው› አልኳቸው።»

«በስመ አብ! እሳቸውስ?»

«‹ማነው የሚመታው?› አሉኝ። ‹አባቴ ነዋ! ማሚን ነበር የሚመታት› አልኳቸው። ከዚያ ሁሉም ሰው እኔን ማየት ጀመረ። የማኅበሩ ኮሚቴ በሙሉ እዚያው ነበር እኮ። ሶ ዊርድ ማሚ።»

መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ሳቅ ያዘኝ። ሆዴን ይዤ፣ ጨርቁ ላይ ተደፍቼ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሽማግሌ መጥቶ ያልጠየቀውን፣ እኔ በመሰላል የሸፈንኩትን ነገር ልጄ አማርኛ ተሳስታ አደባባይ አወጣችው። ኤልሳቤት ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ቤት መምታት ማለት እኮ የግጥም መጨረሻ ሲገጥም ነው» አልኳት በመጨረሻ።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኦ ማይ ጋድ! ማሚ፣ ሶሪ!»

«ሶሪ አትበዪ። ዕድሜ ይስጥሽ።»

በማግስቱ ጋሽ ፀጋዬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሱቄ መጡ። ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«የሺሐረግ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ያኔ ለሽምግልና ስመጣ ሰዎች አለመግባባት ነው ብለውኝ ነበር።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው ያሉዎት።»

«መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም አይደል ጋሼ» ይል ነበር። እኔ ግን ምንም አይደል የሚባል ነገር ሆኖ አላገኘሁትም። «ነበረብዎት» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ከደረት ኪሳቸው የግጥሜን ወረቀት አወጡ።

«ልጅሽ ሳታውቀው ቅኔ ዘረፈች። ቤት አይመታም! ‹መ› ላልታ ስትነበብ ነገሩ የግጥም ነው። ‹መ›ን አጥብቀሽ ስትያት ግን ማንም እጁን አያነሳበትም፣ አይደበደብም ማለት ነው። አንድ ፊደል ናት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ቤት ሳይመታ መድረክ ይወጣል ጋሼ?»

«ስለማይመታ ነው የሚወጣው» አሉ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «ደምሰው ይመጣል፤ ይህንን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«ይምጣ» አልኳቸው። ድምፄ ደፋር ነበር። ሲወጡ ጠመኔዬን አንስቼ የድሮውን ግጥም አጠፋሁና በአዲስ ጀመርኩ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት እኔ፣ ኤልሳቤትና ሙርሺዳ በታክሲ ጀርሚስተን ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ደምሰው ፊተኛው ወንበር ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ፀገነት አጠገቡ ናት። ስታየኝ መጋረጃ ሰፊዋ እዚህ ምን ታደርጋለች ብላ ነው መሰል ፈገግ አለችልኝ። ስሜ ሲጠራ ደምሰው እግሩን አነባብሮ ወደ ኋላ ተደገፈ። እንዲህ ሲቀመጥ አውቀዋለሁ። እስቲ ምን ታመጪ ማለቱ ነው።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። ማይኩ ጮኸ። ደምሰውን ላለማየት ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬ «ግጥሜ ቤት አይመታም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ከማለቴ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ወጣሽ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ሳይበርድ፣ እኔም እንደተባረረ ሰው እየተጣደፍኩ፣ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ‹መ›ንም ማጥበቄን ረሳሁ። ለይሉኝታ ያህል ጭብጨባ ተሰማ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው፣ ከሁሉ ጮክ ብሎም የሳቀው ደምሰው ነበር።

አለቀ፣ ብዬ አሰብኩ። ያን ሁሉ ፈርቼ፣ ያን ሁሉ ደፍሬ፣ ማንም አልሰማኝም። ልወርድ እግሬን ሳነሳ ከአዳራሹ መሃል አንድ የሸመገለ ድምፅ ወጣ።

«ይደገም!»

ጋሽ ፀጋዬ ቆመዋል። ቅኔ ቤት ያልዋለ ሰውም ቢሆን የዚህን ቃል ትርጉም ያውቃል፤ ሰሙን ሰማችሁ፣ ወርቁ አምልጧችኋል፣ ጆሯችሁን አቅኑ ማለት ነው። ሳቁ ተቆረጠ። «በፀጥታ ይደገም» አሉ እሳቸው፣ አሁንም እንደቆሙ።

ወደ ማይኩ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን አጣጥፌ ያዝኩትና ቀና አልኩ። ደምሰውን አየሁት። ከማስታውሰው ይልቅ ትንሽ ሰው ነው። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፦

ግጥሜ ቤት አይመታም፤
ይቅርታ አድርጉልኝ።
ቤት ሲመታ አውቃለሁ፤
ድምፁን አውቀዋለሁ፣
ከድምፁ በኋላ የሚመጣውን ዝምታም።
ከመሰላል ወደቅሁ ብያችሁ ነበር፤
ሱቃችን ውስጥ መሰላል አልነበረም።
ዛሬ በሬን እኔ እከፍታለሁ፣ እኔ እዘጋለሁ።
ሻይ ቢደፋ፣ ሻይ ነው የተደፋው።
ልጄ ጮክ ብላ ትስቃለች።
እንግዲህ ስሙኝ፦
ቤቴ
አይመታም።

የመጨረሻዋን ‹መ› ከንፈሬን ገጥሜ፣ ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኳት። የመሰላሉ ስንኝ ላይ ስደርስ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ «ውይ!» ስትል ሰምቻለሁ። ስጨርስ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ደምሰው ሳቁን ፊቱ ላይ ረስቶት፣ ማንን እንደሚያይ ጨንቆት ነበር።

ከዚያ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ይደገም።»

ፀገነት ናት። ደምሰው ረጅሙን እጅጌዋን ያዝ አደረጋት። እጇን ነጠቀችው፤ እጅጌው ወደ ላይ ሲሰበሰብ ክንዷ ላይ ያለውን ሰንበር ያላየ ሰው አልነበረም። ተነስታ ቆመች።

«እትዬ፣ እባክዎን ይደገም!» አለች፣ አሁን ጮክ ብላ።

ደገምኩት። ሦስተኛውን ያነበብኩት ለአዳራሹ አልነበረም፣ ለእሷ ነው። «ቤቴ» ስል ሙርሺዳ ከኋላ «አይመታም!» አለች። ኤልሳቤት ተከተለቻት፤ እሷም ‹መ›ን አጠበቀች፣ ልጄ አማርኛ አልተሳሳተችም። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ አንድ ረድፍ ሙሉ ሴቶች ተከተሉ። «አይመታም!» እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ያኔ «ተጠንቀቂ እንጂ» ሲሉኝ የነበሩት ሴቶች መጥተው አቀፉኝ፤ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዶቹ «ለእኔም ጻፊልኝ» ይሉኛል። ጋሽ ፀጋዬ ባርኔጣቸውን አንስተው ከወገባቸው ጎንበስ አሉልኝ። እኔ የሺሐረግ፣ ባለ ረጅም ምላስ፣ እንደዚያን ቀን በምላሴ ኮርቼ አላውቅም።

ደምሰው ተነስቶ «ነይ፣ እንሂድ» አላት ለፀገነት።

«ሂድ» አለችው።

የሚያደርገው ጠፍቶት ዙሪያውን አየ። ያ ሁሉ ሰው ያየዋል። ዛሬ ፍርግርግ የለም። የመኪናው ቁልፍ በእጁ እየተንቃጨለ ብቻውን ወጣ። ፀገነት ወንበሯን ትታ እኛ ወዳለንበት መጣችና በእኔና በሙርሺዳ መካከል ተቀመጠች። ሙርሺዳ ምንም ሳትጠይቃት ከበዓሉ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ፀገነት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ያ መጋረጃ…»

«ተሰፍቶ አልቋል። ላምጣልሽ?»

«አይ፣ ይተዉት። አልፈልገውም።»

እዚህ አገር ታክሲ ውስጥ የመንገዱ ሂሳብ ከኋላ ወደ ፊት እየተቀባበለ ነው ሹፌሩ ጋ የሚደርሰው። ስንሄድ የሦስት ሰው ነበር የሰጠነው። ኤልሳቤት ብሩን ወደ ፊት አቀበለችና በአማርኛ መሆኑን እንኳ ሳታስተውል «አራት ነን!» ብላ ጮኸች።